አየርና ደም በሳንባ ውስጥ እንዴት ይገናኛሉ?

ብዙ ሰው መተንፈስ ማለት አየር ወደ ሳንባ ገብቶ መውጣቱ ብቻ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ የአየር መግባት ብቻውን ሕይወትን አይጠብቅም፤ የገባው አየር ከደም ጋር በአንድ ስፍራ መገናኘት አለበት። መምህራንና ወላጆች ይህን ቢያስተውሉ ለሕፃናት ጤና እጅግ ይጠቅማል።

ሳንባ በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቈጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች የተሠራ ነው። እያንዳንዱም ከረጢት እንደ መረብ በሆኑ ቀጫጭን የደም ሥሮች ተከቧል። አንድ ጤነኛ ጐልማሳ ዐርፎ ሲቀመጥ በየደቂቃው ወደነዚህ ከረጢቶች 4 ሊትር ያህል አየር ይደርሳል፤ በዙሪያቸውም 5 ሊትር ያህል ደም ያልፋል። ደሙ ከአየሩ ኦክሲጅን ይቀበላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ያስረክባል።

ነገሩን በገበያ እንመስለው። ኦክሲጅን ጭነት፥ ደምም አጋሰስ ነው። ጭነቱ በአንዱ ገበያ፥ አጋሰሱ በሌላው ገበያ ቢውል፥ ሁለቱም ብዙ ሆነው ሳሉ ወደ ቤት የሚደርስ እህል አይኖርም።

ይህ እንዳይሆን ሳንባ የራሱ ሥርዓት አለው። በሌላው የሰውነት ክፍል ኦክሲጅን ሲያንስ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ በሳንባ ግን ተቃራኒው ይሆናል። አየር ወዳነሰበት ስፍራ የሚሄደው የደም ሥር ይጠብና ደሙ አየር ወደ በዛበት ይመለሳል፤ ይኸውም ገበሬ ዘር ወዳልበቀለበት መደብ የሚወስደውን ቦይ ዘግቶ ውሃውን ወደ ቡቃያው እንደሚመልስ ያለ ነው። ይህን ነገር ኡልፍ ፎን ኦይለርና ዮራን ሊልየስትራንድ የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት በድመቶች ላይ መርምረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1946 ገለጡት።

ይህ ሥርዓት በሁለት ወገን ሊታወክ ይችላል። አንደኛው፥ በእግር ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ የሳንባን የደም ሥር ሲዘጋ ነው፤ ያን ጊዜ አየሩ ይገባል፥ ደሙ ግን አይደርስም። ሁለተኛው የሳንባ ምች ነው። በዚህ ጊዜ ከረጢቶቹ በፈሳሽና በመግል ይሞላሉ፤ የደም ሥሩም በሚገባ ስለማይጠብ ብዙ ደም ኦክሲጅን ሳያገኝ አልፎ ከሌላው ደም ጋር ይቀላቀላል።

ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስም ጕድለቱን ሊሞላ አይችልም። በጤነኛው የሳንባ ክፍል ያለፈው ደም አስቀድሞ ጭነቱ ሙሉ ስለ ሆነ፥ ባዶውን የተመለሰውን አጋሰስ ጭነት ጨምሮ ሊሸከም አይችልምና።

ስለዚህ ሕፃን ሲያስለው ወይም መተንፈስ ሲያስቸግረው፥ ሳያለቅስ ጸጥ ባለበት ሰዓት ትንፋሹን አንድ ሙሉ ደቂቃ ቍጠሩ። ዕድሜው ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ለሆነው 50 ወይም ከዚያ በላይ፥ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፥ የሳንባ ምች ምልክት ነውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። በሚተነፍስበት ጊዜ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጐደ፥ ከንፈሩ ከጠቈረ፥ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው፥ አንድ ሰዓት እንኳ አይዘግይ። እንጥል ማስቈረጥ የተሞላውን ከረጢት አይከፍትም፤ ይልቁንም ደም በማፍሰስና ቍስልን በማመርቀዝ ሌላ አደጋ ይጨምራል።

መምህራን ሆይ፥ ይህን አቈጣጠር ለተማሪዎቻችሁ አስተምሩ። በየቤቱ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏቸውና።