ሁለት ቃል ሆኖ እንደ አንድ ስለሚፈታ የእንግሊዝኛ ግስና ስለ ረዳቶቹ

መምህራን ሆይ፤ በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ባለው በመርካቶ ገበያ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው «ቀነስ አድርግልኝ» የሚለውን ነው። ሻጩም «ከዚህ ዝቅ ሊል አይችልም» ብሎ ይመልሳል። ይህን አጭር ንግግር በሚገባ የመረመረ መምህር፣ ስለ እንግሊዝኛ ግስ የምናስተምረውን ብዙውን ክፍል በውስጡ ያገኘዋል። ገበያውም ራሱ የባዕድ ቃል መቀበል የለመደ ነው። ጣልያን አዲስ አበባን በያዘባቸው ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ገበያው በአራዳ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከነበረበት ወደ ምዕራብ በተዛወረ ጊዜ፣ በጣልያንኛ ገበያ ማለት የሆነው ቃል ስሙ ሆኖ ቀረ።

አሁን «ዝቅ አለ» የሚለውን እንመልከት። «አለ» ብቻውን ሲነገር ተናገረ ማለት ይሆናል። ነገር ግን ዋጋው ዝቅ አለ ስንል ዋጋው የተናገረው ነገር የለም። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው፤ ይልቁንም ዝም አለን ቃል በቃል ቢፈቱት ነገሩ ተገላቢጦሽ ይሆናል። ሁለቱ ቃላት ተጋብተው አንድ ግስ ሆነዋልና ለየብቻ አይፈቱም። እንግሊዞችም እንዲህ ያለ ግስ እጅግ ብዙ አላቸው። ሲት ዳውን ቁጭ አለ፣ ስታንድ አፕ ብድግ አለ፣ ጊቭ ባክ መለሰ፣ ረን አውት አለቀ፣ ፑት ኦፍ ለሌላ ቀን አስተላለፈ ማለት ነው። ረን ብቻውን ሮጠ፣ አውት ብቻውን ውጭ ማለት ስለሆነ፣ ተማሪው መዝገበ ቃላት ይዞ «ጨው ወደ ውጭ ሮጠ» ብሎ ቢተረጕም አይፈረድበት፤ ያላስተማርነው እኛ ነን።

በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ግን ልዩነት አለ። በአማርኛ የፊተኛው ቃል ይጸናል፣ የኋለኛው ይረባል፤ ቁጭ አልሁ፣ ቁጭ አለች፣ ቁጭ ይላሉ። በእንግሊዝኛ የፊተኛው ይረባል፣ የኋለኛው ይጸናል፤ ዛሬ ሲት ዳውን፣ ትናንት ሳት ዳውን። ረዳት ግስ በፊቱ ሲቆም ደግሞ፣ ይኸውም ካን ለመቻል፣ ሜይ ምናልባት ለሚሆን ነገር፣ ሹድ ለሚገባ፣ መስት ለግዴታ፣ ከሁለቱ አንዱም አይረባም። እኛ «ቁጭ ልትል ትችላለች» ስንል ባለቤቷን ሁለት ጊዜ እንጠራለን፤ አንድ ጊዜ በዘንድ አንቀጹ፣ አንድ ጊዜ በማሠሪያው። እንግሊዝ ግን ሺ ካን ሲት ዳውን ይላል፤ እርሷም ብትሆን፣ እርሱም ቢሆን፣ እነርሱም ቢሆኑ ካን ያው ካን ነው፣ ሲትም ያው ሲት ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የዘንድን ሥራ ስለሚያውቅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። ወጥመዱም ከዚያው ነው፤ «ልትል» በሚለው ላይ ያለችውን «ል» እፈታለሁ ሲል ካን ቱ ሲት ዳውን ይላል። እኔም በጕልምስናዬ እንግሊዝኛ ስጀምር ብዙ ወራት እንዲህ ስል ቆይቻለሁ። ከነዚህ ከአራቱ ረዳቶች በኋላ ቱ አይገባም።

ተሳቢው ተውላጠ ስም ሲሆን በሁለቱ ቃላት መካከል ይገባል። ዝቅ ሊያደርገው ይችላል ለማለት ሂ ካን ብሪንግ ኢት ዳውን ይባላል እንጂ ብሪንግ ዳውን ኢት አይባልም። ጠበቀ፣ ተንከባከበ ማለት የሆነው ሉክ አፍተር ግን ከዚህ ሥርዐት ይወጣል፤ ሉክ አፍተር ኢት ይባላል። የሚለያዩትንና የማይለያዩትን በቃል ከማስያዝ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ልጆች በእንግሊዝኛ ሲናገሩ ማክበር ይረሳሉ እያሉ የሚያዝኑ አባቶች አሉ። እኛ ለታላቅ «ዝቅ ያድርጉልኝ»፣ ለእኩያ «ዝቅ አድርግልኝ» እንላለን፤ ማክበራችን በእርባታው ላይ ነው። እንግሊዝኛ ግን ለአለቃም ለእረኛም ዩ የሚል አንድ ቃል ስላለው አክብሮቱን በረዳት ግሱ ላይ ይጭነዋል። ብሪንግ ኢት ዳውን ብቻ ቢሉት ትእዛዝ ነው፤ ካን ዩ ሲጨመርበት ልመና ይሆናል፤ ኩድ ዩ ሲባል ልመናው ይበልጥ ትሕትና ያገኛል። ስለዚህ ኩድ የካን ኃላፊ ጊዜ ነው ብሎ ብቻ ማስተማር ጎደሎ ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው አሉታው ነው። በአማርኛ «መክፈል የለብህም» ሲባል ሁለት ትርጕም ይሰጣል፤ አንዱ ተከልክለሃል፣ ሁለተኛው ግዴታ የለብህም። ሰሚው በነገሩ አኳኋን ይለየዋል። በእንግሊዝኛ ግን መስት ኖት ክልከላ ነው፤ ዱ ኖት ሃቭ ቱ ግዴታን ማንሣት ነው።

ይህ ምን ያህል እንደሚጎዳ በዐይኔ አይቻለሁ። በመርካቶ ጨርቃ ጨርቅ ለሚሸጥ አንድ የማውቀው ነጋዴ ከውጭ አገር ሻጭ ደብዳቤ መጣለት። በውስጡም ዩ መስት ኖት ፑት ኦፍ ዘ ፔይመንት የሚል ነበረበት። በዚያው ዓመት ከገጠር መጥቶ በአውቶቡስ ተራ የወረደ የእኅቱ ልጅ በሱቁ ያገለግል ነበርና እንዲያነብለት ሰጠው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ ስለ ደነገገ፣ ልጁ ስምንት ዓመት ሙሉ ተምሮታል። መዝገበ ቃላቱን ገልጦ ፑት ማስቀመጥ መሆኑን አገኘ፤ ኦፍን እንደ ትርፍ ቃል ተወው፤ መስት ኖትን የለብዎትም ብሎ ፈታውና «ጋሼ፣ ክፍያውን ማስቀመጥ የለብዎትም ይላል» አለ። ነጋዴውም ገንዘብ አስቀድሞ ማስያዝ አያስፈልግም ማለት መስሎት ደስ አለው፤ ገንዘቡንም በሌላ ዕቃ ላይ አዋለው። ደብዳቤው ግን ክፍያውን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ክልክል ነው ይል ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዕቃው ለሌላ ገዢ እንደ ተሰጠ የሚናገር ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። ሁለቱንም ይዞ ወደ እኔ በመጣ ጊዜ ነገሩ አልፎ ነበር። ልጁ ከበሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። መዝገበ ቃላቱን ተቀብዬ ብመለከት የፈታው ቃል ሁሉ እንደ ፈታው ተጽፎ አገኘሁት።

ስለዚህ በክፍላችሁ መስት ኖትን «ክልክል ነው»፣ ዱ ኖት ሃቭ ቱን «ግዴታ የለም» ብላችሁ አስፈቱ፤ «የለብህም» የሚለውን በዚህ ትምህርት ላይ ለጊዜው ተዉት። ሁለት ቃል የሆነውን ግስ በሰሌዳ ስትጽፉ ከሥሩ አንድ መሥመር ሳትቆርጡ አስምሩበት። ከዚያም በፊት ቁጭ አለና ዝም አለ እንዴት እንደሚፈቱ ጠይቋቸው። ለልምምድ «ጨው ሊያልቅ ይችላል» የሚለውን ስጧቸው፤ ዘ ሶልት ሜይ ረን አውት ይሆናል። ቀጥሎም «ነገ ልትመልሰው ግድ ነው» የሚለውን፤ ሺ መስት ጊቭ ኢት ባክ ቱሞሮው ይሆናል። ሦስተኛ ያን የነጋዴውን ደብዳቤ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛው ጽፋችሁ አቅርቡላቸው፤ የፑት ኦፍንም ፍች አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።