በጆሮ የሚመረጥ የክረምት መጽሐፍ

በቆቦና በራያ ቆላ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ወደ ማሽላው አረምና ወደ ከብቱ ይመለሳሉ። ጦርነት ትምህርታቸውን ላቋረጠባቸው ልጆች ክረምቱ ያለ ንባብ ማለፉ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ቤተሰብ በአንድነት የሚያነበውን መጽሐፍ ስንመርጥ ጆሮን እናስቀድማለን፤ አንባቢው ልጅ፣ ሰሚዋ አያት ናትና። የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በግጥም የተጻፉ አጫጭር ታሪኮችን ስለያዘ አንዱ እራት እስኪቀርብ ያልቃል፤ ለጅምር ከዚህ የተሻለ አናውቅም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለሕፃናት ሳይሆን ጎረምሶች ላሉበት ቤት ይስማማል። ውፍረቱ አያስፈራ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችሉም ተከታትለውታል። የጎጃሙን አነጋገር አያት በራያ አነጋገር ስትመልሰው ደግሞ ሌላ ጨዋታ ይወጣዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ገጽ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ሰሚው «ከዚያስ?» ካለ ውሰዱት።