የጋራ ማኅደርን በሥርዓት ስለ ማላቀቅ

በዚህ ዓመት በኮምፒውተር ክፍላችን የሠራሁትን አንድ ስሕተት መነሻ አድርጌ፥ ሰርቨሮች የጋራ ማኅደርን ሲያላቅቁ ስለ ምን ደርቀው እንደሚቀሩ ጥቂት ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

አንድ ኮምፒውተር በሌላው ዲስክ ላይ ያሉትን ፋይሎች በኔትወርክ አማካይነት እንደ ገዛ ራሱ አድርጎ ሊሠራባቸው ይችላል። ለዚህ ከሚያገለግሉት ሥርዓቶች አንዱ ኤን.ኤፍ.ኤስ. ይባላል፤ ይኸውም ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ዓ.ም. የሠራው ነው። ማኅደሩን ማያያዝ «ማውንት» ሲባል፥ በሊኑክስ ላይ የማላቀቂያው ትእዛዝ «ዩማውንት» ነው።

በክፍላችን ሁለት ሰርቨሮች አሉ፤ አንደኛው ባለ ማኅደር፥ ሁለተኛው ማኅደሩን አያይዞ የሚሠራ ተገልጋይ ነው። አንድ ቀን ማታ ሁለቱንም እንዳጠፋ ታዘዝሁ። እኔም ሳላስብ ባለ ማኅደሩን አስቀድሜ አጠፋሁ፤ ቀጥዬም በተገልጋዩ ላይ የማላቀቂያውን ትእዛዝ ሰጠሁ። ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀረ። ተገልጋዩን ላጥፋው ብል መዝጋት ጀምሮ መካከል ላይ ቆመ። ተስፋ ቆርጬ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀልሁት። ለካስ አንድ የክፍል ጓደኛዬ የፊዚክስ ሙከራውን የሙቀት ልክ የሚመዘግብ ፕሮግራም ከፍቶ ሄዶ ኖሯል፤ ባለ ማኅደሩ ከጠፋ በኋላ የተለካው ሁሉ ጠፋ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሊኑክስ የተጻፈውን ሁሉ ወዲያው ወደ ዲስክ አያደርስም፤ ለጊዜው በሜሞሪ ያቆየዋል። «ሀርድ» በሚባለው በተለመደው አያያዝ፥ ባለ ማኅደሩ መልስ ካልሰጠ ተገልጋዩ ደጋግሞ እየጠየቀ ይጠብቃል። እህል ተሸክሞ ወንዝ ሞልቶበት ከዳር እንደ ቆመ ሰው ነው፤ ሸክሙን አይጥልም፥ አይመለስምም። «ሶፍት» የሚባለው አያያዝ ግን ጥቂት ሞክሮ ስሕተት ነው ብሎ ይተዋል፤ በዚህም የተጻፈው ሊጠፋ ይችላል። እንግዲህ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር እንጂ፥ አደራውን ይጠብቅ ነበር፤ አደራውን ያፈሰስሁት እኔ ነኝ።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚከተለውን ማድረግ ይገባል፤

1ኛ፤ ባለ ማኅደሩ መኖሩን በ«ፒንግ» መመርመር። ፒንጉ መልስ ካገኘ ደግሞ ኤን.ኤፍ.ኤስ. የሚሠራበት 2049ኛው ፖርት ክፍት መሆኑን ማየት።

2ኛ፤ ባለ ማኅደሩ ጠፍቶ ከሆነ መልሶ ማስነሣት። በቀድሞ አድራሻው ሲመለስ፥ በ«ሀርድ» የተያያዘው ሥራ ብዙውን ጊዜ ካቆመበት ይቀጥላል።

3ኛ፤ ትእዛዙ «ማኅደሩ ሥራ ላይ ነው» የሚል መልስ ከሰጠ፥ የያዘውን ፕሮግራም በ«ፊውዘር» ወይም በ«ኤልኤስኦፍ» መፈለግ፤ ባለቤቱንም ሥራውን አስቀምጦ እንዲዘጋ መጠየቅ። በማኅደሩ ውስጥ የተከፈተ አንድ ተርሚናል ብቻ እንኳ ማላቀቅን ይከለክላል።

4ኛ፤ በግድ ማላቀቅን እስከ መጨረሻው ማቆየት፤ ያልደረሰው ጽሑፍ ሊጠፋ ይችላልና። «ሌዚ» የሚባለው ማላቀቅም ማኅደሩን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ፥ ፋይል የያዙት ፕሮግራሞች እስኪለቁ ድረስ ነገሩ ከውስጥ አይፈታም።

5ኛ፤ በመዝጊያ ጊዜ ቅደም ተከተልን መጠበቅ፤ መጀመሪያ ፕሮግራሞቹን መዝጋት፥ ቀጥሎ ማኅደሩን ማላቀቅ፥ ከዚያም ተገልጋዩን፥ በመጨረሻ ባለ ማኅደሩን ማጥፋት። ኔትወርኩ ከማላቀቁ በፊት ከተቋረጠም ያው መድረቅ ይመጣል።

ለጓደኛዬ በደሌን ነግሬው ሙከራውን አብረን እንደገና ሠራን፤ ሦስት ማታ ፈጀብን። በዚያች ማታ አንድ ደቂቃ ታግሼ «ማኅደሩን የያዘው ማነው?» ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለኮምፒውተር ሠራተኛም ነውና፥ ከእኔ ስሕተት ተማሩ እላችኋለሁ።