የፎቶግራፍ ቀጠሮና የሰዓት አቆጣጠር

አንድ የአዲስ አበባ ፎቶግራፍ አንሺ በድረ ገጹ ቀጠሮ መቀበል ጀመረ እንበል። በዋሽንግተን የምትኖር ሙሽሪት ለጥር ሠርጓ «8 ሰዓት» ብላ ብትሞላ፣ ከቀኑ 8 ማለቷ ነው ወይስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጠዋቱ 8? ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው፤ ሠርግ ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺ እስኪደርስ አይቆምም። ስለዚህ ቅጹ «ከቀኑ 8 ሰዓት፣ 14:00» እያለ ሁለቱን ጎን ለጎን እንዲያሳይ እንመክራለን። መረጃ ቋቱ ግን ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት 11:00 ብሎ ይመዝግበው፤ ኢትዮጵያ ከዚያ በ3 ሰዓት ትቀድማለችና። ገጹ የሙሽሪትን ኮምፒዩተር ከተከተለ 6:00 ያሳያታል፤ መከተል የሚገባው ሠርጉ የሚፈጸምበትን ከተማ ሰዓት ነው።

ሌላው ስጋት ሁለት ደንበኞች በአንድ ቅጽበት ያንኑ ሰዓት መምረጣቸው ነው። ቅጹ ለሁለቱም «ክፍት ነው» ሊል ስለሚችል፣ ድግግሞሹን የሚከለክለው ደንብ በመረጃ ቋቱ ውስጥ ሊሠፍር ይገባል።