የተተወ ድልድይ ምን ያህል ይሸከማል?

አንድ አሮጌ ድልድይ አገልግሎቱን ሲያቆም የከተማው ነዋሪዎች ብዙውን ጊዜ በሁለት ይከፈላሉ። ከፊሎቹ «ቅርስ ነውና ይጠገን» ሲሉ፣ ሌሎቹ «አደጋ ሳያደርስ ይፍረስ» ይላሉ። ክርክሩ ስለ ትዝታና ስለ ገንዘብ ብቻ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከሁለቱም የሚቀድም የፊዚክስ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ብረቱ ዛሬ ምን ያህል ጭነት ሊሸከም ይችላል የሚለው ነው።

በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት በምትገኘው የፓኪፕሲ ከተማ፣ በሃድሰን ወንዝ ላይ የተዘረጋው የባቡር ድልድይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1889 ነበር። ርዝመቱ ከ2 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ከወንዙም በላይ 65 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በ1974 የተነሣ እሳት ሐዲዱን ስለጎዳው ባቡር ዳግመኛ ሳያልፍበት ቀረ። ድልድዩም ለ35 ዓመታት እንዲሁ ቆመ።

«እንዲሁ ቆመ» ስንል ግን ተሳስተናል። ጠባቂ ያጣ ብረት ይዝጋልና። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጠፍጣፋ ብረት ዝገት ከሁለቱም ገጽ 1 ሚሊ ሜትር ቢበላው 8 ሚሊ ሜትር ይቀራል። ብረቱ የሚሳብ ከሆነ ያጣው አቅም 20 በመቶ ብቻ ነው። የሚገፋ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። የፕላስቲክ ማስመሪያ ጫፍና ጫፉን ይዘን ብንስበው በቀላሉ አይበጠስም፤ ወደ ውስጥ ብንገፋው ግን ወዲያው ይጎብጣል። ቀጭን ብረት እንዳይጎብጥ የሚያደርገው አቅም ከውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። 0.8 በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 0.51 ይሆናል፤ ስለዚህ ያው 2 ሚሊ ሜትር ግማሽ ያህሉን አቅም ወሰደ ማለት ነው። ከሩቅ ለሚመለከት ሰው ሁለቱ ብረቶች እኩል የዛጉ ናቸው። ድልድይን በዓይን አይቶ «ገና ጠንካራ ነው» ወይም «አልቆለታል» ማለት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የጭነቱን ነገር እንይ። «ለእግረኛ ብቻ ከሆነ ምን ይከብዳል?» የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ እንሰማለን። 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከፊትና ከኋላ ካለው ክፍተት ጋር 18 ካሬ ሜትር ቢይዝ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር የሚደርሰው 83 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እያንዳንዳቸው 65 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ሰዎች በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲቆሙ ግን 260 ኪሎ ግራም ይሆናል! የበዓል ቀን ሕዝብ ከመኪና ሰልፍ ሦስት እጥፍ ይከብዳል። 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ወለል ደግሞ ብቻውን በካሬ ሜትር 480 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ እርሱም ሕዝቡ ቢሄድ አይሄድም።

የፓኪፕሲን ድልድይ የጠቀመው ለባቡር መሠራቱ ነው፤ ሎኮሞቲቮች እየከበዱ ሲሄዱም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተጠናክሯል። በ1992 የተቋቋመ የነዋሪዎች ማኅበር ብዙ ከደከመ በኋላ፣ ሐዲዱ በነበረበት ላይ የኮንክሪት ወለል ተነጥፎ በ2009 ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ተከፈተ። ለቀላል መኪና በተሠራ ድልድይ ላይ ተመሳሳይ ወለል ይነጠፍ ቢባል፣ እኛ መፍረሱን በመረጥን ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ንዝረት። ሰው ሲራመድ በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ያህል መሬቱን ይረግጣል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚገፋው ግን በሴኮንድ አንድ ጊዜ ነው። በለንደን በሰኔ 2000 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የሚሌኒየም የእግረኞች ድልድይ የጎን ንዝረቱ ለዚህ ድግግሞሽ ቅርብ ነበር። ድልድዩ ሲወዛወዝ ሰዎቹ ላለመውደቅ እርምጃቸውን ከውዝዋዜው ጋር አስማሙ፤ ውዝዋዜውም በረታ። በሁለት ቀን ውስጥ ተዘጋ፤ ንዝረት አብራጆች ተገጥመውለት የተከፈተው በ2002 ነው። አዲስ ድልድይ ይህን ካመጣ፣ አሮጌውን ለእግረኛ ከመክፈት በፊት የተፈጥሮ ድግግሞሹን መለካት ግድ ይሆናል። ለዚህም ጥቂት የንዝረት መለኪያዎችና የአንድ ቀን ሥራ ብዙ ጊዜ ይበቃሉ።