አማትሽ ዝምታሽን አይሰሙትም

ይድረስ ለእትዬ፣

የምኖረው ጀርመን አገር ኑረንበርግ ነው። ጀርመናዊ አግብቼ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የሰባት ወር ወንድ ልጅ አለን። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። የቸገረኝ የእናቱ ነገር ነው።

ልጄን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። አማቴ በመጡ ቁጥር ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መስኮቱን ወለል አድርገው ይከፍታሉ። በጥር ወር! እናቴ በጋቢ ጠቅልላኝ፣ ገንፎ አቅርባልኝ፣ ቤቱን አሙቃ ሳለ እሳቸው «አየር የለም» ይላሉ። እናቴ ፊት ለፊት ምንም አልተናገረችም፤ ማታ ግን አለቀሰች። ይባስ ብሎ እሷው ባለችበት «እናትሽ እስከ መቼ ነው የሚቆዩት?» ብለው ጠየቁኝ። እንግዳን መቼ ትሄዳለህ ማለት ምን የሚሉት ነው?

ቤታቸው ስንሄድ ኬክ ያቀርባሉ፤ ለወጉ «አይ፣ ይበቃኛል» ስል ሳህኑን አንስተው ይሄዳሉ። ስንት ጊዜ ርቦኝ ተመልሻለሁ። ልጁን በአማርኛ ሳናግረው «ታደናግሪዋለሽ፤ ጀርመንኛው ይቅደም» ይሉኛል። ለልጁ ያመጡትን ስጦታ ተቀብዬ በክብር ሳስቀምጥ ፊታቸው ይለወጣል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሰርጋችን ላይ በስሜ ጥሪኝ ብለውኝ ነበር፤ የእናቴን እኩያ በስም መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ እስከ ዛሬ በምንም ሳልጠራቸው አለሁ። ለልጁ ክርስትና ሁለት ቀን ሲቀረው ነግሬያቸው እንኳ ሳይመጡ ቀሩ። የልጅ ልጃቸው ክርስትና!

ለባለቤቴ ስነግረው «እናቴ እንዲህ ናት፣ ክፋት የላትም» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን አንድም ቀን ክፉ ተናግሬያቸው አላውቅም፤ ሁሌም ፈገግ ብዬ ነው የምሸኛቸው። አሁን መረረኝ። በመጪው ወር 70ኛ ዓመታቸውን ያከብራሉ። እኔም አልሄድም፣ ልጁንም አልወስድም ብያለሁ። ልክ ነኝ?

የመረራት ምራት

* * *

ልጄ፣

ልክ አይደለሽም። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ስላላዘንኩልሽ አይደለም፤ እያባበልኩ ብጀምር ኋላ የምለውን አትሰሚኝም ብዬ ነው።

ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ ያረፈው «ፈገግ ብዬ ነው የምሸኛቸው» ያልሽው ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንጀትሽ እያረረ ጥርስሽ ሲስቅ ኖሯል። አማትሽ የእኛ አገር ሰው ቢሆኑ ይህ ያስኬድሽ ነበር። የሐበሻ አማት ከምራቷ ፈገግታ በስተጀርባ ያለውን ታውቃለች። ቡናው ሲቀጥን፣ ሰላምታው ሲያጥር፣ ጉርሻው ሲቀር «ምን አጥፍቼ ይሆን?» ብላ ጎረቤት ታማክራለች፤ ሲብስም ሽማግሌ ትልካለች። ኩርፊያችን ራሱ ንግግር ነው። አማትሽ ያደጉበት ቤት ግን ያልተመቸው ሰው ይናገራል፤ ካልተናገረ ተመችቶታል ማለት ነው። እንግዲህ ከቤትሽ በወጡ ቁጥር ምን እያሰቡ እንደሚሄዱ ልንገርሽ? «ምራቴ ደስ ብሏታል፤ መስኮቱን መክፈቴም ጠቅሟታል።» ዝም አይነቅዝም የሚባለው አዲስ አበባ ነው። ኑረንበርግ ላይ ይነቅዛል።

መስኮቱ ራሱ ሰፊ ወሬ አለው። የጀርመን ቤት ሙቀት እንዳያመልጥ ጥርቅም ተደርጎ የተሠራ ነው። የሚፈላው ውሃ፣ የሚታጠበው ልብስ፣ የሰው ትንፋሽ መውጫ ሲያጣ ግድግዳው ይሻግታል፤ በሻገተ ግድግዳ ምክንያት ተከራይና አከራይ ፍርድ ቤት ድረስ ይካሰሳሉ። ስለዚህ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ለአምስት፣ ለአሥር ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት እዚያ አገር እንደ ቤት መጥረግ ያለ ሥራ ነው፤ ክረምት ከበጋ አይልም። ገንፎ ሲገነፋበት፣ ቡና ሲቆላበት፣ እጣን ሲጨስበት የዋለ ቤት የገቡ ጀርመናዊት እጃቸው ወደ መስኮቱ ቢሄድ አይግረምሽ። የሚያስቀው እነሱም ሽው የሚል ነፋስ እንደ እኛው መፍራታቸው ነው። አውቶቡስ ውስጥ ወዲህና ወዲያ መስኮት ሲከፈት አንገታቸውን ሸፍነው የሚያጉረመርሙ አሮጊቶች ሳታይ አልቀረሽም። እናትሽ ደግሞ አራስን ብርድ ይመታታል ሲባል ሰምታ ያደገች ናት። ሁለቱም ሴቶች የለፉት ላንቺው ነበር። አንቺና ልጁ ሌላ ክፍል ገብታችሁ በሩ ተዘግቶ፣ መስኮቱ አሥር ደቂቃ ተከፍቶ፣ ቤቱ ሲሞቅ ብትመለሱ ጠቡ እዚያው ያልቅ ነበር። ይህን ለማለት ደፍሮ አፉን የከፈተ ግን ጠፋ።

ያልጠረጠርሽውን ልጨምርልሽ፤ አማትሽ አራስነትን ያውቁታል። ጀርመኖችም ከወሊድ በኋላ ያለውን ስድስት፣ ስምንት ሳምንት «ቮኸንቤት» ብለው ይለዩታል። እናት የምታርፍበት፣ አዋላጇ ቤቷ ድረስ እየመጣች የምታያት ጊዜ ነው፤ የአዋላጇንም ክፍያ የጤና መድን ይሸፍነዋል። ሕጉም ቢሆን የወለደች ሠራተኛ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ሥራ እንዳትገባ ይከለክላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቡና አፍይና «እርስዎ ሲወልዱ ማን አረሰዎት?» በያቸው። ማንም ጠይቋቸው የማያውቅ ጥያቄ ይሆናል። መልሱ ረጅም ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ማጀት ውስጥ ሥራ አትፈልጊ፣ ተቀመጪና ስሚ።

«እናትሽ እስከ መቼ ነው የሚቆዩት?» የሚለውን እለፊው። ያ ጥያቄ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው፤ ምሳ ሊጋብዙም፣ ልጁን የሚይዙበትን ቀን ሊያሰሉም ይሆናል። ለእናትሽ ግን ዛሬውኑ ደውለሽ አስረጂያት፤ ቂም ይዛ እንዳትሞት።

በኬኩ ነገር ከአማትሽ ጋር ነኝ። ይበቃኛል ካልሽ በቅቶሻል። እዚያ «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» የሚል የለም። መጀመሪያ ሲጠይቁሽ እሺ በይ፤ ይሉኝታ ሆድ አይሞላም። አንቺ ያልጻፍሽልኝን ደግሞ እኔ ልገምት፤ አማትሽ የእናትሽን ወጥ ሲበሉ ምን ሆነው ነበር? ከጦርነቱ በኋላ የተወለዱ፣ ረሃብን ያዩ ወላጆች ያሳደጓቸው ሰው ናቸው። በእነዚያ ቤቶች ልጅ «ሳህንህን ከጨረስክ ነገ ፀሐይ ትወጣለች» እየተባለ ነው የሚያድገው። እናም የቀረበላቸውን ሙልጭ አድርገው ይበላሉ። እናትሽ ባዶ ሳህን ስታይ ትጨምራለች። እሳቸው ይጨርሳሉ። እሷም ትጨምራለች። አንዷ «ምን ዓይነት ሆድ ነው?» ስትል ሌላዋ «ሊገድሉኝ ነው» ስትል ታየኝ፤ ሁለቱም ግን ከጨዋነት ብዛት ነው።

ስጦታውም ከዚሁ ወገን ነው። እኛ ስግብግብ እንዳንመስል ሰጪው ፊት አንከፍትም። እሳቸው ግን ቆመው የሚጠብቁት ወረቀቱን ቀደሽ፣ አውጥተሽ አይተሽ ደስ ሲልሽ ለማየት ነው። ሳትከፍቺ ቁም ሣጥን ላይ ስታኖሪው አልወደደችውም ብለው ነው የሚሄዱት፤ ፊታቸው የሚለወጠውም ለዚህ ነው። ልብስ ከሆነ እዚያው ልጁን አልብሺው። በሌላ ጊዜ ሲመጡም ያንኑ ልብስ ለብሶ ይቆያቸው።

አሁን ወደማትወጂው ልምጣ። ለክርስትና ሁለት ቀን ሲቀረው ነው የነገርሽው? ጀርመናዊ ጓደኛውን ለራት ሲጠራ እንኳ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ለእኛ ቀኑ ጥንቱን የተቆረጠ ነው፤ ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ። ዘመድ ሁሉ ልደቱን በሰማ ዕለት ቆጥሮ ይይዘዋል። አማትሽ ይህን ከየት አምጥተው ይወቁት? በእሳቸው አገር ልማድ ክርስትና ከቄሱ ጋር ቀን ተነጋግሮ፣ የጥሪ ካርድ ተልኮ፣ ሩቅ ያለው ዘመድ ሁሉ ተነግሮት ነው። ሁለት ቀን ሲቀር የመጣው ወሬ እንደ ጥሪ አልተቆጠረላቸውም፤ «ለአፋቸው ያህል ነው የነገሩኝ» ሳይሉ አልቀሩም። ይህን አንቺ አላሰብሽውም፤ አምናለሁ። ግን በዚህ ነገር የተናቁት እሳቸው ናቸው፤ ይቅርታ ጠይቂያቸው። ከ70ኛ ልደታቸው በፊት፣ ለብቻቸው ሲሆኑ። የክርስትናውን ፎቶዎች ይዘሽ ብትሄጂ ይቀልሻል።

በአማርኛው ነገር ግን ንቅንቅ እንዳትዪ። ይህኛው የባህል ልዩነት አይደለም፤ አማትሽ ተሳስተዋል። ሁለት ቋንቋ እየሰማ የሚያድግ ልጅ ለጊዜው ቃል ሊቀላቅል ይችላል፤ እየዋለ እያደረ ይለየዋል፤ አንደበቱ በዚህ አይበላሽም። ጀርመንኛውን አባቱም፣ ጎረቤቱም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም ይሰጡታል። አማርኛውን ካንቺ በቀር የሚሰጠው የለም። ልጁ ከአሥረኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ባለው ጊዜ «ኡ ዜክስ» የሚባለው ምርመራ አለበት። ያን ቀን ባልሽ እናቱን ይዞ ይሂድና ሐኪሙን ራሳቸው ይጠይቁት። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ከተናገረ ያምናሉ፤ በዚህስ ከእኛ እናቶች አይለዩም።

ባልሽን ደግ ነው ብለሻል፤ ይሁን። ነገር ግን አንቺንም እናቱንም አብጠርጥሮ የሚያውቀው እሱ ብቻ ሆኖ ሳለ ዳር ቆሞ ያያል። «እናቴ እንዲህ ናት» መልስ አይደለም። የእናቱን ለእናቱ መንገር የእሱ ፋንታ ነው፤ የእናትሽን ለእናትሽ ማስረዳት ያንቺ። አንቺም «መረረኝ» እያልሽ አታድክሚው፤ ከእሱ የምትፈልጊውን ቆርጠሽ ንገሪው። «ልጄን አማርኛ አታናግሪው ማለታቸውን እንዲተዉ ንገራቸው፤ እስከ ቅዳሜ» በይው። እሱም ያው ጀርመናዊ ነው፤ ቀን ያለው ነገር ይገባዋል። ከቅዳሜ በኋላም ዝም ካለ ያኔ ችግርሽ አማትሽ አይደሉም፤ ሌላ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

ልጁን ስለመከልከሉ ዳግመኛ አታንሺ። የጀርመን ሕግ ለልጁ የሚበጅ እስከሆነ ድረስ አያቶች የልጅ ልጃቸውን የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። እኔ ግን የምፈራልሽ ሕጉን አይደለም። ዘመድ በሌለሽ አገር ልጅ እያሳደግሽ ነው። ሥራ ገብተሽ ልጁ ያተኮሰው ዕለት ደውለሽ «ይድረሱልኝ» የምትያቸው ማንን ነው?

በስም መጥራቱ እምቢ ካለሽ ደግሞ መላ አለው። ልጁ ተወልዷልና «ኦማ» በያቸው፤ አያቴ እንደማለት ነው። የራሳቸው አገር ምራቶችም ልጅ ሲወለድ እንደ ልጃቸው ሆነው እንዲሁ ይጠራሉ። እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፤ አንቺም የእናትሽን እኩያ ስም ከመጥራት ትድኛለሽ።

ልደቱ ላይ ሂጂ። በዜሮ የሚያልቅ ዕድሜ እዚያ አገር ትልቅ በዓል ነው፤ 70ኛ ሲሆን ከየከተማው ዘመድ ይሰበሰባል፤ አንቺ ብትቀሪ ሁሉም ያያል። ዛሬ ነገ ሳትዪ ደውለሽ ምን ልርዳ በያቸው። ድፎ ዳቦ ላምጣ ብለሽ ጠይቂ፤ አይ ካሉሽ ከልባቸው ነው፣ አትጋግሪ። በተባለው ሰዓት ድረሺ፤ ሩብ ሰዓት የምታረፍጂ ከሆነም ደውዪ። ስጦታሽን እዚያው ፊትሽ ይከፍቱታል፤ አትፈሪ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ በዋዜማው ብትደውዪላቸው «እንኳን አደረሰዎት» እንዳትዪ። ከቀኑ በፊት መልካም ልደት ማለት እዚያ እንደ መጥፎ ገድ ይቆጠራል።