ምዕራፍ ሰባት፦ ሌላው የጀመረውን ስትጨርስ

የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ቤቶች በአብዛኛው ዕጣ ለደረሰው ሰው የሚተላለፉት ሳይጠናቀቁ ነው። ሴራሚኩን፣ ቀለሙን፣ የኩሽና ካቢኔቱን ባለቤቱ ያሠራል። ገንዘብ ሲያጥር ወይም ባለሙያው ሲጠፋ ሥራው መሃል ላይ ይቆማል፤ ያኔ አንተ ትጠራለህ። ነገ ውሃ ቢያፈስ ታዲያ ስሙ የሚነሳው መጨረሻ የነካው ሰው ነው። ስለዚህ ስምህን የምትጠብቀው መሣሪያህን ከማውጣትህ በፊት ነው።

ሳትፈትሽ ዋጋ አትናገር

ሴራሚክ ልትለጥፍ ተጠርተህ በግድግዳው የተቀበረው ቧንቧ የሌላ ሰው ሥራ ከሆነ፣ መውጫዎቹን ሁሉ ዝጋና በመሞከሪያ ፓምፕ ግፊት ስጠው። ፓምፑ ቆሞ የጌጁ ቀስት ከወረደ የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የተለጠፈ ሴራሚክ ካገኘህ በመዶሻ እጀታ አንኳኳው፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ በደንብ አልያዘም።

መብራት ላይም እንዲሁ ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ መሆኑ ነው። ለአምፖል በተዘረጋ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ ከተሰካ ሽቦው ይግላል፤ ሲብስም ቤት ያቃጥላል።

ያየኸውን ጽፈህ አስፈርም

ፎቶ አንሳ። የነበረውንና አንተ የምትሠራውን ለይተህ በወረቀት አስፍርና ባለቤቱን አስፈርም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭን ከርክክብ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ዋስ ያደርገዋል። የአንተ ድርሻ ከየት እንደሚጀምር ካልተጻፈ የሌላውን ዕዳ ተሸክመህ ትከራከራለህ።

የቀደመህን አታማ

ያ ባለሙያ ርካሽ ዕቃ ተገዝቶ ቀርቦለት ይሆናል። አንተ ስለ ሥራው እንጂ ስለ ሰውየው አታውራ፦ «እትዬ፣ ይሄ መስመር ምጣድ አይችልም። ለብቻው አዲስ መስመር ይሳብለት፤ ወጪው ይህን ያህል ነው።» ስልኩ ከተገኘም ደውልለት፤ ቧንቧው በየት በየት እንዳለፈ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

እምቢ ማለትንም ልመድ

«ዝም ብለህ ሸፍነው» የሚልህ አሠሪ ይኖራል። ቸግሮትም ሊሆን ይችላልና በአክብሮት አስረዳው፤ ካልተስማማ ሥራውን ተወው። በሚያፈስ ቧንቧ ላይ የለጠፍከው ሴራሚክ ሲፈርስ የታችኛው ጎረቤት ጭምር ያውቅሃል። በዚያ ብሎክ ቀጣዩን ሥራ የሚያመጣልህም የሚያስቀርብህም የእነዚሁ ሰዎች አፍ ነው። ቀብዱን የምትቀበለው ፍተሻው አልቆ ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ይሁን።